የጤና ጣቢያ ወረፋ ለሚያስፈራቸው ወላጆች

ልጅ ሲታመም ወደ ሐኪም መውሰድ ግድ ነው። ብዙ እናትና አባት ግን ከቤት ሳይወጡ አንድ ሐሳብ ይይዛቸዋል፦ «ለጉንፋን ብዬ ወስጄው ተቅማጥ ወይም ኩፍኝ ሸምቶ ቢመለስስ?» ፍርሃቱ መሠረት አለው። በሐዲያና በከምባታ፣ በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሾኔ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ የሚያስለው፣ የሚያስቀምጠውና ሽፍታ የወጣበት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ሁለት ጉዳይ በአንድ መንገድ ልጨርስ ብሎ ከየቀበሌው የወጣው ሁሉ ጠዋት በአንድ ሰዓት ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ይገናኛል። ስለዚህ የሚሰጋ ወላጅን «አታካብድ» ማለት ተገቢ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ስጋቱ ያለቦታው ሲያርፍ ነው፤ ወንበሩን በሶፍት እየጠረጉ የተዘጋ መስኮት ሥር ሁለት ሰዓት መቀመጥ፣ ከዚያም የከፋው፣ በሽታ ይይዘዋል ብሎ ክትባት መዝለል።

ስጋትዎን ሁለት ነገር ላይ ያሳርፉት፦ ብዙ ሰው ሲተነፍሰው የቆየ የታፈነ አየር፣ እና ወደ ልጁ አፍ፣ ዓይንና አፍንጫ የሚሄድ እጅ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ፦ መሄድ አለብን ወይስ የለብንም?

ከሁሉ በፊት ይህን ይለዩ፤ አንዳንድ ምልክት ካለ ስለ ጀርም የሚታሰብበት ጊዜ አይደለምና። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ አንቀጥቅጦ ከጣለው፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ወይም ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ሌሊትም ቢሆን ይነሱ። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ እስኪነጋም አይጠብቁ።

ሳልና ትኩሳት ከሆነ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ልብሱን ገለጥ አድርገው፣ ሳያለቅስ፣ ቢቻል እንደተኛ፣ የስልክዎን ሰዓት ከፍተው አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ይዩ። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ይፍጠኑ። ቆጠራው ለወላጁም ይጠቅማል፤ «አሞታል፣ ምን ላድርግ» እያሉ ከመንቆራጠጥ የሚጨበጥ ቁጥር ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ሐኪሙም የሚጠይቀው እሱን ነው።

ንፍጥና ቀላል ሳል ብቻ ሆኖ ልጁ ከጠባ፣ ከተጫወተና በደንብ ከተነፈሰ ግን ወረፋ ላይ ማዋል አያስፈልግም። ቤት ሆኖ ጡትና ፈሳሽ አብዝቶ፣ ማታ ማታ ትንፋሹን እየቆጠሩ መጠበቅ ይቻላል።

ክትባት ከሆነ የሄዱት ቀኑን አያሳልፉ። ቀላል ጉንፋን ወይም መጠነኛ ትኩሳት ክትባት አያስከለክልም። ልጁ በ9 ወር አንዱን፣ በ15 ወር ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል፤ ሁለተኛው በሀገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ታላላቆቹን ያሳደገች እናት ላታውቀው ትችላለች። አግዳሚው ላይ ያለውን ኩፍኝ ለሚፈራ ወላጅ ከሁለቱ መርፌዎች የሚበልጥ መከላከያ የለም፤ የትኛውም ሳኒታይዘር አይተካከላቸውም።

ወዴት ነው የምንሄደው?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ዘልሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አለው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና እየወሰዱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ወባ እዚያው ያክማሉ። ጤና ኬላ ላይ የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ደጁም ሜዳ ነው። ለቀላል ሕመምና ለክትባት ከዚያ ቢጀምሩ፣ ከሞርሲቶ ተነስቶ ሆሳዕና ድረስ በሚኒባስ ታፍኖ ከመሄድ ልጅዎ የሚያገኘው ጀርም በብዙ ያነሰ ነው። የሚብስ ከሆነ እነሱው ሪፈር ይጽፉልዎታል። ግን አስቀድመው ይደውሉ ወይም ሰው ይጠይቁ፤ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት የሚወጡበት ቀን አለ፣ መድኃኒት የሚያልቅበትም ጊዜ አለ። ከላይ የዘረዘርኳቸው አደገኛ ምልክቶች ካሉ ግን አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በቀጥታ ይሂዱ።

የጤና ጣቢያ ቀጠሮዎን መምረጥ ከቻሉ የገበያ ቀንን ይተዉት። ክትባቱ በየትኛው ቀንና በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥም ይጠይቁ፤ ጤነኛውን ሕፃን ከታመሙት ጋር አንድ ወረፋ ላይ ማሰለፍ ሳያስፈልግ ሊቀር ይችላል።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ

የክትባት ካርድ። አንድ ሃይላንድ ውሃና ቁራጭ ሳሙና፤ ቧንቧው ላይ ውሃ የማይኖርበት ቀን አለና። ትንሽ ሳኒታይዘር፣ አልኮሉ ከ60 በመቶ ያላነሰ። ለልጁ የራሱ ኩባያ፣ ቅያሪ ልብስና ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ፣ የቆሸሸው የሚገባበት ፌስታል። እርስዎ ካሳለዎት ለራስዎ ማስክ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማስክ አይደረግም፤ ያፍነዋል።

ታናናሾቹንና ታላላቆቹን ሁሉ ማስከተል አያስፈልግም። አንድ የታመመ ልጅ፣ አንድ ወይም ሁለት አዋቂ ይበቃል። ጎረቤት የምትይዝልዎ ካለች ዛሬ ነው የምታስፈልገው።

ነፋሱን ያስገቡት

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ነውና።

የሐዲያና የከምባታ ደጋ ብርድ አለው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ ሞርሲቶ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስደርባል። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ከከፈተ ከኋላ «ዝጋው፣ ልጁን ነፋስ ይመታዋል» የሚል ድምፅ አይጠፋም። ጤና ጣቢያም ያው ነው፤ የመጀመሪያዋ እናት መስኮቱን ትዘጋለች፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ ሠላሳ ሰው በአንድ አየር ይውላል። ያን ጊዜ የሚያስለው ልጅ የተነፈሰውን ሁሉም ይጋራዋል። ልጁን ከብርድ እናድናለን ስንል ከዋናው አደጋ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዘጋዋለን።

የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ማጨሻው ከወጣም በኋላ የእጣኑ ሽታ ቤቱን እንደማይለቀው ማለት ነው። አጠገቡ ካሉ፣ ካልተከተቡና ቀድሞ ካልያዛቸው አሥር ሰዎች እስከ ዘጠኙን ይይዛል። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በአየር ነው። ነፋስ ግን በሽታ አይደለም፤ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ቫይረሱ ደግሞ የሚከማቸው አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ነው።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአስታማሚ ሥራ በሽተኛውን ሳያስበርዱ የሚተነፍሰውን አየር እንደ ውጭው ንጹሕ ማድረግ ነው ብላለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማለቷን ልብ ይበሉ፤ አየሩም ይግባ፣ ልጁም ይሙቀው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ 70 ክፍሎችን ለክቷል። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት ወደ 28 ጊዜ ይቀየር ነበር፤ ለተላላፊ በሽታ ክፍል በማሽን እንዲቀየር የሚመከረው 12 ጊዜ ነው። የበለጠ አየር የገባባቸው ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች ናቸው። እዚህም ቢሆን ሰፊ መስኮት ያለው አሮጌ ክፍል ካለ፣ ጣሪያው ዝቅ ካለው አዲስ ክፍል ያንን ይምረጡ።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ካርድ ክፍል አይግቡ፤ አንደኛው ወላጅ ካርድ ያውጣ፣ ሌላው ልጁን ይዞ በረንዳ ወይም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይቁም። ብቻዎን ከሆኑ ካርዱን ካወጡ በኋላ ተረኛዋን ነርስ ይጠይቁ፦ «ሲስተር፣ ልጁን ይዤ ውጭ በረንዳው ላይ ነኝ፤ ተራችን ሲደርስ ቢጠሩን?» አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይስማማሉ፤ መጨናነቁ ለእነሱም ሥራ ነውና። ዝናብ ከሆነና መግባት ግድ ከሆነ በሩ ወይም መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ፤ ከሚያስል ሰው አንድ ሁለት ሜትር ይራቁ። መስኮት ለመክፈት ሲነሱ የሚቆጡ አዛውንት ካሉ በአክብሮት ያስረዱ፦ «እማማ፣ ልጆቹ አየር አጡ፤ ትንሽ ብቻ ልክፈተው፣ እርስዎ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። መስኮቱን በሙሉ መበርገድም አያስፈልግም፤ በአንድ በኩል ገርበብ፣ ትይዩ በሩ ክፍት ከሆነ አየሩ ይሄዳል።

ሚኒባስ ውስጥም መስኮት አጠገብ ይቀመጡና ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዉ። አጭር መንገድ ከሆነ ጎኑ ክፍት የሆነ ባጃጅ ከታፈነ ሚኒባስ ይሻላል።

ሕፃኑን ያልብሱት፦ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ደርብ። ፊቱን ግን በጋቢ ወይም በፎጣ አይሸፍኑት። ዓይን እንዳይበላው፣ አቧራና ነፋስ እንዳይመታው ተብሎ ሕፃን ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ሲሄድ እናያለን። የገዛ ትንፋሹን መልሶ ይተነፍሳል፣ ይግላል፣ ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ትንፋሹ ቢፈጥን እናቱ አታይም። ለታመመ ልጅ ይህ ከጀርሙ የባሰ አደጋ ነው።

እጅ

ልጁን ከጀርባ ይልቅ ፊት ለፊት፣ ደረትዎ ላይ ይዘሉት ወይም ይቀፉት። ከጀርባ የታዘለ ልጅ ምን እንደሚነካና ምን አፉ ውስጥ እንደሚከት አይታይም። አግዳሚው ላይና ወለሉ ላይ አያስቀምጡት፤ ድኾ የሚሄድ ከሆነ የራስዎን ነጠላ አጥፈው ያንጥፉለት። የሌላ ልጅ ብስኩት፣ ጡጦ ወይም መጫወቻ አይጋራ። እንዲዘናጋ ብለው ስልክዎን የሚሰጡት ከሆነ ግን ያስቡበት፤ ብር የቆጠሩበት፣ የላቦራቶሪ ኩባያ የያዙበት እጅ ያን ስልክ ነክቶታል።

የተቅማጥ ወሬ ካለ የሚያስፈልገው ሳሙናና ውሃ ነው። አልኮል ብዙ ጀርም ይገድላል፤ አንዳንድ ተቅማጥ የሚያመጡ ቫይረሶችን ግን በደንብ አይገድልም፣ በቆሸሸ እጅ ላይም ኃይሉ ይቀንሳል። ሮታ ቫይረስ ዕቃ ላይ ለቀናት ይቆያል። በጣም የሚዘነጋው ቦታ የሰገራ ናሙና የሚወሰድበት ነው፦ ኩባያውን ይዘው ሽንት ቤት ገብተው፣ ልጁን አጽድተው፣ ወደ ላቦራቶሪ መስኮት ይሄዳሉ፤ ቧንቧው ደረቅ ሆኖ ሳይታጠቡ ጡት ያጠባሉ። ሃይላንዱና ሳሙናው የተያዙት ለዚህ ነው። ከናሙና በኋላ፣ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ፣ ብር ከከፈሉ በኋላ፣ ከማጥባትዎና ከማብላትዎ በፊት ይታጠቡ። በሌላ ጊዜ ሁሉ በየደቂቃው እጅ ማሸት አያስፈልግም።

ሐኪሙን «እጅዎን ታጥበዋል?» ማለት ለእኛ ከባድ ነው፤ ነጭ ጋውን ይፈራል። ግን ይባላል። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጄ ቶሎ ስለሚታመምብኝ ነው፤ እጅዎን አልኮል ነክተው ቢያዩልኝ» ቢሉ የሚቆጣ ጥሩ ባለሙያ የለም። ጓንት ቢያደርጉ እንኳ ከሌላ በሽተኛ የመጣ ጓንት ያው የሌላ በሽተኛ እጅ ነው። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እናቶችን ከማዋለዳቸው በፊት በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያዝ የሚሞቱት እናቶች በጥቂት ወራት ውስጥ እጅግ ቀንሰዋል፤ ባልደረቦቹ ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም። ይህ ልማድ ከሐኪሞች ጋር ብዙ ተሟግቶ የገባ ነውና እርስዎ ሲጠይቁ እንግዳ ነገር አይደለም የጠየቁት። መርፌ ሲሆን ደግሞ ሲሪንጁ ከእሽጉ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። ብብት ሥር የሚገባው ቴርሞሜትር በአልኮል ይጠረግ። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጠረጴዛው እግር፣ ስለ ካርዱ ወረቀት አይጨነቁ።

አልጋ ከተያዘ

ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ተልከው ልጁ ቢተኛ፣ አንዱ የጀርም ምንጭ ጠያቂ ይሆናል። ሆስፒታሉ ስሙን ያገኘው ከሐዲያ ወጥታ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ከሆነችው ንግሥት ነው፤ የአካባቢው ሰውም እንደ ቤቱ ያየዋል። ዘመድ ምሳ ይዞ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ሕፃኑን ስሞ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መጠየቁ ፍቅር ነው፤ መከልከል ለአንድ ምራት ወይም ለአንድ ወጣት አባት ይከብዳል። ተረኛውን ሐኪም ለዘመድዎ ራሱ እንዲነግርልዎ ይለምኑ፤ የሐኪም ቃል ቅር አያሰኝም። በቀን አንድ ሁለት ሰው፣ የማያስል፣ ታጥቦ የሚገባ፣ ሕፃኑን የማይስም ይሁን። የቀሩት ቤት ላሉት ልጆች ቆጮና ወተት ቢያደርሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

ቤት ሲገቡ

እጅ ይታጠቡ፣ የልጁን ፊትና እጅ ይጠቡ፣ የውጩን ልብስ ይቀይሩ። አበቃ። ልጁን በአልኮል ማሸት፣ ውሃው ላይ በረኪና መጨመር ቆዳውን ይጎዳል፤ አልኮሉ በቆዳው ገብቶ ሊመርዘው ይችላል። «ለማንኛውም» ብሎ አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ መግዛትም ቫይረስ አያስቆምም፤ የእውነት በሚያስፈልግበት ቀን መድኃኒቱ እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል። ከስድስት ወር በታች ከሆነ ጡት ብቻ፤ የእናት ጡት ለተቅማጥም ለሳልም መከላከያ ይዟል።

ፍርሃቱ ቤት ገብቶም የማይለቅ ከሆነ፣ ቆዳዎ እስኪሰነጠቅ የሚታጠቡ፣ ሌሊት ደጋግመው ተነስተው ትኩሳት የሚለኩ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ልብዎ የሚመታና ሁለት ክትባት ያለፈብዎት ከሆነ፣ ይህ ከጥንቃቄ አልፎ ሕመም ሆኗል፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የተለመደ ነው፣ ይታከማልም። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ወይም ለሚያክማችሁ ሐኪም «ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እኔ ነው የመጣሁት» ብለው ይናገሩ።

የሄዱበትን ቀን ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፉ። ጉንፋን ከተያዘ ብዙ ጊዜ በአንድ እስከ ሦስት ቀን፣ የሮታ ተቅማጥ በሁለት ቀን ገደማ ይወጣል፤ ተቅማጥ ከመጣ ኦአርኤስና ዚንክ ጤና ኬላም አለ። ኩፍኝ ግን ትኩሳቱ የሚጀምረው ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ፣ ሽፍታው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ወረፋው ላይ ኩፍኝ ያለበት ልጅ እንደነበረ ከሰሙና የእርስዎ ልጅ ካልተከተበ በ72 ሰዓት ውስጥ ተመልሰው ይናገሩ፤ ዕድሜው ከስድስት ወር ካለፈ ያን ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ሊያድነው ይችላል። ቀኑ አልፎ ትኩሳት፣ የዓይን መቅላትና ሽፍታ ካዩ ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆመው ዘበኛውን «ኩፍኝ ይመስለኛል፣ ሲስተርን ጥራልኝ» ይበሉት፤ ልጁን ይዘው ወደ አግዳሚው አይግቡ፣ አሁን በተራዋ የምትፈራው እዚያ የተቀመጠችው የዘጠኝ ቀን አራስ ናት።